ምራት የማትጠራው ስም

እኔ ከበቡሽ ደንጋጭ ነኝ። ድስት ቢወድቅ ልቤ አብሮ ይወድቃል፤ ሆሳዕና ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፣ የሠፈር ልጆችም ሆን ብለው ከኋላዬ ይጮሁብኛል። በስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት በእህል መጋዘናችን የሆነው ነገር ግን ደንጋጭና ደፋር አልለየም። ኩንታል ስንዴ ብቻውን የሚሸከም ጎረምሳ ሁሉ አፉን ይዞ የቀረበት ቀን ነው።

መጋዘኑ የአንድ የልማት ድርጅት ነበር። ከሌሞና ከሶሮ ገበሬ የሚገዛው ስንዴና ገብስ ይከማችበታል፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ማዳበሪያ ይራገፍበታል። እኔ እህል የሚለቅሙትና የሚያበጥሩት ሴቶች አለቃ ነበርኩ። በዚያ ዓመት ጥር ላይ ፎርክሊፍት የሚሉት ማሽን ተላከልን። ከፊቱ ሁለት ረጃጅም የብረት ሹካዎች አሉት፤ ኬሻ የተደረደረበትን የእንጨት ርብራብ ከሥሩ ይገባና ብድግ ያደርገዋል። መጀመሪያ ቀን ያን ሁሉ ስንዴ እንደ ሕፃን ልጅ አቅፎ ወደ ጣሪያው ሲያነሳ ሳይ «በስመ አብ!» ብዬ የለቀምኩትን ገብስ ደፋሁት። ኩሊዎቹ ደግሞ እንጀራችንን ሊበላ መጣ ብለው ፊታቸውን አጠቆሩ።

ከማሽኑ ጋር አሠልጣኝ መጣ፤ ኃይለመለኮት ይባላል። በፊቱ «አቶ» እለዋለሁ እንጂ በሆዴ አልለውም ነበር። ካኪ የለበሰ፣ ቀጭን፣ ሲናገር የሚያዝዝ፣ ሲያዝዝ የሚጮህ ሰው ነው። «የምስክር ወረቀት ሳይዝ ይህን ማሽን የነካ ሰው ከእኔ ጋር ነው ጠቡ» ይላል። በሥልጠናው መጨረሻ ፈተና አለ። ያለፈ ሰው ማኅተም ያለበት የምስክር ወረቀት ተቀብሎ ነጂ ይሆናል፤ የሚያልፍ ከጠፋ ማሽኑ ተጭኖ ወደ ዱራሜ ይሄዳል፤ እዚያ ሌላ መጋዘን ይጠብቀዋል።

ለመንዳት የተመረጡት ጋሽ ሳህሉ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሆሳዕና ጋሪ የነዱ፣ ዝምተኛ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰው። ማሽኑ ላይ ለመውጣት ሲሉ ፈረሳቸውን ሸጠዋል፤ ፈተናውን ቢወድቁ የሚመለሱበት ሥራ አልነበራቸውም። መሪውን ቶሎ ለመዱት። ጠባያቸው ግን የጋሪ ነጂ ጠባይ እንደሆነ ቀረ። በተለይ ወደ ኋላ ሲሄዱ ዞረው አያዩም። ጋሪ ከግድግዳ እንደሚያስጠጋ ሰው ኋላቸው የሆነ ነገር እስኪነካ ይሄዳሉ፣ ሲነካ ይቆማሉ። ኃይለመለኮት ይህን ባየ ቁጥር ፀጉሩን ሊነጭ ይደርሳል።

«አቶ ሳህሉ፣ ዓይን የተሰጠህ ለጌጥ ነው?»

«ይነካል እኮ ጌታዬ። ሲነካ እቆማለሁ።»

«የሚነካው ሰው ቢሆንስ?»

«ሰውማ ይጮሃል» አሉ ጋሽ ሳህሉ በቅን ልባቸው። እኔ ሳቄን ልደብቅ ፊቴን አዞርኩ።

ኃይለመለኮት ግን አልሳቀም። በማግስቱ ሁላችንንም ሰብስቦ ለማሽኑ ጠቋሚ ሊመርጥ መሆኑን ነገረን። ጠቋሚ ማለት ማሽኑ ሲንቀሳቀስ ከኋላ ቆሞ መንገዱን የሚያይለት ሰው ነው። «ሥራው ሁለት ነው» አለ። «አንደኛ፣ ነጂውና ጠቋሚው ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። ሳይተያዩ ማሽኑ አይነቃነቅም። ሁለተኛ፣ አደጋ ሲመጣ ጠቋሚው ነጂውን በስሙ ይጠራዋል። አቶ የለም፣ ጋሼ የለም፣ ማሽን ላይ ማዕረግ የለም። ስሙን፣ ከዚያ ‹ቁም›።»

«ፊሽካ አይሻልም?» አልኩት።

«ወይዘሮ ከበቡሽ፣ ኩሊዎቻችሁ ቀኑን ሙሉ ሲያፏጩ ነው የሚውሉት። ፊሽካ ማንን ያቆማል? በስሙ የተጠራ ሰው ግን ይቆማል።»

ነገሩ እውነት ነበረው፣ አልክድም። ከዚያ ድምፃችንን ፈተነ። ኩሊዎቹ እየዘፈኑ እንዲሠሩ አደረገና እያንዳንዳችንን ከመጋዘኑ ጫፍ አስጮኸን። የእኔ ድምፅ ግማሽ መንገድ ላይ ሞተ። የወንዶቹም ከዘፈኑ ጋር ተደባለቀ። ጥርት ብሎ ከዳር እስከ ዳር የተሰማው የአንዲት ልጅ ድምፅ ብቻ ነው፤ የውቢት። ውቢት ከሴቶቼ አንዷ ናት፤ ስትሠራ ቃል አይወጣትም፣ እሑድ በመዘምራን መካከል ስትቆም ግን ድምፅዋ አጥር አልፎ መንገደኛ ያስቆማል።

«አለቀ። ጠቋሚዋ አንቺ ነሽ» አለ ኃይለመለኮት።

እኔ ክው አልኩ። ውቢት የጋሽ ሳህሉ ምራት ናት። የልጃቸው የጥሩሰው ሚስት፣ ገና ከመስቀል በኋላ የገባች ሙሽራ። ጥሩሰው ጊምቢቹ አስተማሪ ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የሚመጣው፤ እሷ የምትኖረው ከአማቶቿ ጋር ነው።

በአገራችን ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ለማያውቅ ሰው ትንሽ ነገር ይመስለዋል። ትንሽ አይደለም። ስሙን ብቻ ሳይሆን ስሙን የሚመስለውን ቃል ሁሉ ትሸሻለች፤ ውቢት ሳሙናን «ማጠቢያዋ» ነበር የምትለው። ፊት ለፊት አታየውም፣ እሱም አያያትም። መንገድ ላይ ሲገናኙ እሷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትስባለች፣ እሱ አንገቱን ያዞራል። አማቷን በስሙ ጠርታ ወደ አባቷ ቤት የተመለሰች ሴት በዓይኔ አይቻለሁ፤ እናቷ ገበያ መውጣት አፍራ ነበር። የቤተ ክርስቲያናቸው ወንጌላዊ ይህ ኃጢአት አይደለም ብሎ ሰብኳል ይባላል። የሰበከው ለወንዶቹ ነው መሰለኝ።

ኃይለመለኮትን ወደ ጎን ወስጄ ይህን ሁሉ ነገርኩት። እስክጨርስ ሰማኝና «ማሽኑ ዘመድ አያውቅም» አለኝ። በጥፊ ልለው እጄን በላኝ።

እንዲህ ሆኖ ልምምዱ ተጀመረ። መጋዘናችን ወለሉ ከፍ ያለ ነው፤ የጭነት መኪና በሩ ድረስ ተጠግቶ ሲቆም የመኪናውና የመጋዘኑ ወለል ይገጥማሉ። መኪና ከሌለ ግን በሩ አፍ ላይ ያለው ገደል ነው፣ ከታቹ ድንጋይ የተነጠፈበት ግቢ። ውቢት የምትቆመው በዚያ በር ጥግ ነው። ቀይ ጨርቅ ይዛ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ፣ ግድግዳውን እያየች! ጋሽ ሳህሉ ደግሞ እሷ ባለችበት በኩል አንገታቸው አይዞርም። ዓይን ለዓይን ይተያያሉ የተባሉት ጠቋሚና ነጂ እነዚህ ናቸው። አሠልጣኙ «ቁም በይው!» ብሎ ሲጮህባት እሷ በአክብሮት «ይቁሙ!» ትላለች። ያን ጊዜ ኩሊዎቹ ሁሉ ለእኛ ነው ብለው ቀጥ ይላሉ፤ ማሽኑ ብቻ ይሄዳል።

«አየሽ?» አለ ኃይለመለኮት ላቡን እየጠረገ። «አገር ቆመ፣ ማሽኑ አልቆመም! ስሙን ጥሪው! ሰኞ ፈተና ነው። ስሙን ካልጠራሽ ሁለታችሁም ወደቃችሁ፣ ማሽኑም ዱራሜ ሄደ።»

ውቢት ዕንባዋ በነጠላው ሥር ሲወርድ አየሁት። ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቤ ተቀምጣ «እትዬ፣ ባልጠራቸው ሥራቸውን አሳጣኋቸው። ብጠራቸው ቤቴን አጣሁ። የቱ ይሻለኛል?» አለችኝ። ዳቦዬን ቆርሼ ሰጠኋት። እሷም አልበላችውም።

ያ ቀን ዓርብ ነው። ከሰዓት በኋላ የሾፌሩ የዳኘ የጭነት መኪና በሩ ላይ ተጠግቶ ቆሞ ነበር። ጋሽ ሳህሉ ፊታቸውን የሚጋርድ የስንዴ ክምር አንስተዋል። ፊት ለፊት ካልታየ ወደ ኋላ መንዳት ነው ሕጉ፤ ወደ ኋላ ሲነዱ ደግሞ ዞሮ ማየት ግድ ነው። ዞረው ቢያዩ ግን ከኋላቸው የቆመችው ምራታቸው ናት። ስለዚህ አልዞሩም። ዓይናቸውን ኬሻው ላይ ተክለው፣ እንደ ድሮ ጋሪያቸው፣ የዳኘ መኪና እስኪነካቸው ድረስ ወደ ኋላ ለቀቁት።

ዳኘ የለም። ምሳውን ስላልበላ፣ ለማንም ሳይናገር፣ መኪናውን አስነስቶ ሄዷል።

እኔ ቀና ስል በሩ ወለል ብሎ ግቢው ከነፀሐዩ ታየኝ። ማሽኑ ወደዚያ ብርሃን እየሄደ ነው፣ ሰውየው ስንዴያቸውን እያዩ ነው። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ የት እንደገባ እግዚአብሔር ይወቀው። ኃይለመለኮት ከወዲያኛው ጫፍ ሲሮጥ አየሁት፤ አይደርስም። ውቢት ጨርቁን አውለበለበች። ማን አይቶላት! «ይቁሙ! ይቁሙ!» አለች። ኩሊዎቹ ኬሻ እንደተሸከሙ ቀጥ አሉ። ማሽኑ ሄደ።

«ሳህሉ!»

እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ቆርቆሮው ጣሪያ መለሰው። ማሽኑ ተንገጫግጮ ቆመ፣ ከላይ ያለው ኬሻ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ፈነዳ፣ ስንዴው እስከ እግሬ ድረስ ፈሰሰ። ከኋላ ጎማዎቹ አንዱ ግማሽ አካሉ አየር ላይ ነበር። ከዚያ ጋሽ ሳህሉ ከመቀመጫቸው ላይ ሆነው፣ ወደ ኋላ ሳያዩ፣ ጮክ ብለው መለሱ። የመለሱት በሀዲይኛ ነው። ልጅ እናቱ ስትጠራው የሚመልሰውን። በእኛ አማርኛ «አቤት!» እንደማለት ነው።

አንድ ሰው ከሞት ሲተርፍ እልል ይባላል፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይባላል። እዚያ ግን ማንም ወደ ገደሉ አላየም። ኩሊዎቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ውቢትን ያያሉ። ሴቶቼ ነጠላቸውን ተከናንበዋል። እኔ በሁለቱም ደንግጬ፣ በጎማውም በስሙም፣ የቱን እንደማይ ጠፋኝ። ምራት አማቷን በስሙ ጠራች፤ አማት ለምራቱ እንደ እናቱ መለሰላት። የቱ እንደሚብስ ንገሩኝ።

«ማለፊያ!» አለ ኃይለመለኮት እያለከለከ። «ይህን ነበር ስል የከረምኩት! ሰኞ እንዲሁ ድገሙልኝ!»

ጋሽ ሳህሉ ሞተሩን አጠፉ። ወረዱ። ጎማው የተንጠለጠለበትን አንድ ጊዜ አዩና ማንንም ሳያናግሩ በግቢው በር ወጡ። ውቢት የፈሰሰው ስንዴ ላይ ቁጭ አለች።

«ምን አደረግሁ እትዬ?»

«አማትሽን አዳንሽ።»

«ጠራኋቸው እኮ» አለችኝ። ሌላ ነገር አይሰማትም ነበር።

ሥራ ሳይለቀቅ ወሬው ከተማውን አዳረሰው። የጋሽ ሳህሉ ሚስት ወይዘሮ ገነቴ «በሬን እንዳትረግጥ» ብለው ላኩባት፤ ልብሷን በጨርቅ ቋጥረው አስከትለው። ልጅቷን እቤቴ ወሰድኳት። ጥሩሰው በማግስቱ ከጊምቢቹ አቧራ ለብሶ ደረሰ፤ እናቱን ፈርቶ ለሚስቱ አዝኖ፣ ደጄ ላይ ቆሞ ጫማውን ሲያይ ዋለ። ልቆጣው አስቤ አሳዘነኝ። እሑድ ከጸሎት በኋላ ሽማግሌዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተቀመጡ። እኔ ኦርቶዶክስ ብሆንም ያየሁትን እንድናገር ተጠራሁ። ሳልጠራም እሄድ ነበር።

የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ አሳምነው ጀመሩ። «ልጄ ውቢት፣ የአማትሽን ስም ጠርተሻል?»

«ጠርቻለሁ» አለች አንገቷን ደፍታ።

«ሰማችሁ!» አሉ ወይዘሮ ገነቴ። «በኩሊ ፊት! እኔ ወልጄ አሳድጌ፣ ልጅ ድሬ፣ አንድ ቀን ከአፌ ያላወጣሁትን ስም! እሷ መች ገባችና!»

እኔ አላስቻለኝም። «ሰውዬው ሊሞቱ ነበር እኮ! ገደሉ አፍ ላይ ነበሩ!»

«ሌላ ነገር ብላ አትጮህም ነበር?»

«ብላለች! ይቁሙ ብላለች! ኩሊው ሁሉ ቆመ፣ ባልሽ አልቆሙም!» አልኳቸው። አንቺ ማለቴን እንኳ ያወቅሁት ሰዉ ሲያየኝ ነው።

አቶ አሳምነው እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙኝና ወደ ጋሽ ሳህሉ ዞሩ። ጋሽ ሳህሉ ከዓርብ ጀምሮ ለማንም ቃል አልተናገሩም ነበር። «ሳህሉ፣ ልጅቱስ ጭንቅ ነው ያስጮኻት እንበል። አንተ ምን ነካህ? እንደ እናትህ መለስክላት አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ለምራትህ?»

ጋሽ ሳህሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «ይቁሙ ስትል ሰምቻለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ለኩሊዎቹ መስሎኝ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ በሴት ድምፅ ስሜን የጠራኝ የለም። እህቶቼ ታናሾቼ ናቸው፣ ጋሼ ነው የሚሉኝ። ገበያ ጋሽ ሳህሉ ነኝ። ቤቴ የጥሩሰው አባት ነኝ። ስሜን ብቻውን የምትጠራኝ እሷ ነበረች። ልጅ ሆኜ ከብቶቹን ተከትዬ ወደ ወንዙ አፋፍ ስጠጋ እንዲህ ነበር የምትጮህብኝ፤ ሌላ ቃል አትጨምርም። ዓርብ ከኋላዬ ሲመጣ እሷ መሰለችኝ። እኔ ፍሬን አልያዝኩም። እናቴ ጠራችኝ፣ እግሬ ቆመ።»

እኔ ዕንባዬን በነጠላዬ ጫፍ እጠርጋለሁ፣ አላፈርኩም። ወይዘሮ ገነቴ ግን አላለቀሱም። ፊታቸው ዐመድ መስሎ ባላቸውን ትክ ብለው ያያሉ።

«እኔ እዚያ ቆሜ ቢሆንስ?» አሉ።

ጋሽ ሳህሉ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት።

«የጥሩሰው አባት ብዬ ብጮህስ?»

«እሱን ሁልጊዜ እሰማዋለሁ» አሉ ጋሽ ሳህሉ። «እራት ቀረበ ያልሽኝ ይመስለኝ ነበር።»

ወይዘሮ ገነቴ አፋቸውን ከፈቱ። ሊጠሯቸው ነው! ሁላችንም አወቅን፤ ሽማግሌዎቹ እንኳ ትንፋሻቸውን ያዙ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ አንገታቸው ተገተረ፤ ምንም አልወጣም። እንደገና ሞከሩ። አየር ብቻ ወጣ። አፋቸውን በእጃቸው ያዙና፣ ከዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ምራታቸው ዞሩ።

«እንዴት አድርገሽ አወጣሽው?»

«እንጃ እማዬ» አለች ውቢት። «ሲሄዱብኝ ወጣ።»

ወይዘሮ ገነቴ ተነሡ። እኔ ሊመቷት መስሎኝ ብድግ አልኩ። አጠገቧ ሄደው ነጠላዋን ከፊቷ ላይ በእጃቸው ገለጡት።

«ነገ ፈተናው ላይም ጥሪያቸው» አሏት። «ጮክ ብለሽ ጥሪያቸው።»